ከወታደር ቤት ወደ መቆጣጠሪያ ማማ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1948 ዓርብ ዕለት አንድ የአሜሪካ ጄኔራል በርሊን ሰማይ ላይ ማረፊያ አጥቶ ይሽከረከር ነበር። ስሙ ዊልያም ተነር ነው። ሶቪየት ኅብረት ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን የመኪና፣ የባቡርና የጀልባ መንገድ ስለዘጋች፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚበላውም የሚሞቀውም በአውሮፕላን ይመጣለት ነበር። ዱቄቱም፣ ድንጋይ ከሰሉም በአየር ነው። ይህን ሥራ እንዲመራ የተሾመው ተነር ነበር። የዚያን ዕለት የሄደው ግን ለደስታ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለተመላለሰ አንድ አብራሪ የእጅ ሰዓት ሊሸልም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።)

ደመናው ጣሪያ ሊነካ ወርዷል፤ ዝናቡ የራዳሩን መስኮት አደብዝዞታል። ቴምፐልሆፍ በሚባለው አየር ማረፊያ አንድ ጭነት አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደና በእሳት ተያያዘ። ተከትሎት ያረፈው እሱን ላለመግጨት ፍሬን ሲይዝ ጎማው ፈነዳ። ሦስተኛው ደግሞ ተሳስቶ ገና በመሠራት ላይ ባለ ማኮብኮቢያ ላይ አረፈ። ታዲያ ወደላይ ቀና ስትሉ ከ3,000 እስከ 12,000 ጫማ ድረስ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ የአውሮፕላን ቁልል አለ፤ ሁሉም በደመና ውስጥ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል። የመቆጣጠሪያ ማማው ሰዎች ማን የት እንዳለ መያዝ አቃታቸው። ተነር የሬዲዮ መነጋገሪያውን አንሥቶ፣ ከእሱ በቀር በቁልሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደመጣበት እንዲመለስ አዘዘ።

አንድ ጄኔራል ከአየር ላይ ሆኖ የማማ ሠራተኛን ሥራ መሥራቱ ራሱ ነገሩ ምን ያህል እንደተበላሸ ይነግራችኋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሉ የሲቪል መቆጣጠሪያ ማማዎች ልምድ ያላቸውን ሰዎች እንዲልኩለት ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ ያገለገሉ የተጠባባቂ ጦር አባላት ነበሩ። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው የሲቪል አውሮፕላን ሲያሳርፉ የቆዩ ሰዎች መልሰው እንዲለብሱ ተጠሩ ማለት ነው።

ዛሬ ስለ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ስታነቡ፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ፣ ደጋግማችሁ የምታገኙት ምክር አለ፦ «በወታደርነት ጀምረው»። ይህ ምክር ከየት መጣ? በሲቪል ማማና በጦር ሰፈር መካከል ያለውን በር የከፈተው ማነው? በሩስ የሚከፈተው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው?

ባንዲራና የእጅ ጋሪ

ሙያው ሲጀመር ወታደራዊ አልነበረም። በ1929 ሴንት ሉዊስ ከተማ አርቺ ሊግ የሚባል ሰው ነበር፤ በትዕይንት በረራ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ወንበሩን፣ ጃንጥላውን፣ ምሳውንና ሁለት ባንዲራዎቹን በእጅ ጋሪ ጭኖ ወደ ሜዳው ጫፍ ይገፋል። ቀዩ ባንዲራ «ቁም» ነው፤ ባለ ካሬ ጥልፉ «እለፍ»። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚሉት እሱን ነው። በ1930 ክሊቭላንድ ላይ ሬዲዮ ያለው ማማ ተተከለ። በ1935 መጨረሻ ደግሞ አየር መንገዶቹ ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ኒውአርክ ላይ አንድ ማዕከል ከፈቱ፤ እዚያ ሠራተኞቹ በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ካርታ ላይ ትንንሽ ምልክቶችን እያንሸራተቱ የአውሮፕላኖቹን ቦታ ይገምቱ ነበር። ልብ በሉ፤ ይገምቱ ነበር ነው ያልኩት። ማንም ሰው አውሮፕላኑን አያየውም። አብራሪው በሬዲዮ የነገራቸውን ሰዓትና ፍጥነት ይዘው ያሰላሉ እንጂ። በቀጣዩ ዓመት ሥራውን መንግሥት ተረከበው።

ይህን ግምት ወደ ማየት የለወጠው ጦርነት ነው። በ1940 እንግሊዞች የጀርመንን ቦምብ ጣዮች ለመመከት የባሕር ዳርቻቸውን በራዳር አጠሩት። ራዳሩ ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም ነበር። ከራዳር ጣቢያ በስልክ የሚመጣውን መረጃ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ የሚያሰፍሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ያንን ጠረጴዛ እያየ ለተዋጊ አብራሪዎች አቅጣጫና ከፍታ የሚናገር መኮንንም ነበር። ምድር ላይ ያለ ሰው ከአብራሪው የበለጠ ሰማዩን ያውቃል የሚለው ሐሳብ በሰፊው የተፈተነው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ደግሞ ይበልጥ ድፍረት ይጠይቃል። ሉዊስ አልቫሬዝ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ (በ1968 በሌላ ሥራ ኖቤል ያገኘው ነው) ራዳሩ ጠላት ፍለጋ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላን ለማሳረፍም ይጠቅማል ብሎ አሰበ። መሣሪያው በመኪና ላይ ተጭኖ ማኮብኮቢያው አጠገብ ይቆማል። አንዱ ጨረር ግራና ቀኝ ይጠርጋል፤ ሌላው ላይና ታች። ስለዚህ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ከመሐል መስመር ምን ያህል እንደወጣና ከትክክለኛው መውረጃ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ያያል። ከዚያ መናገር ይጀምራል፦ ትንሽ ወደ ግራ፣ አቅጣጫ ያዝ፣ ከፍ ብለሃል፣ አሁን ልክ ነህ። አብራሪው ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ጭጋግ እንጂ ሌላ አያይም። ድምፁን ይሰማል፤ ይታዘዛል፤ ከዚያ ድንገት የማኮብኮቢያው መብራት እግሩ ሥር ይታያል። በ1943 እንግሊዝ አገር ውስጥ ይህንን መሣሪያ ከሞከሩት የጦር ባለሙያዎች አንዱ በኋላ በሳይንስ ልብ ወለዶቹ የታወቀው አርተር ሲ. ክላርክ ነበር።

አሁን እንኳ በወታደር ማማ በዚህ ዘዴ ለሚያሳርፍ ተቆጣጣሪ አንድ ደንብ አለ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አብራሪው መልስ አይሰጥም፤ የሚናገረው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ድምፁ ለአምስት ሰከንድ ከጠፋ አብራሪው ማረፉን ትቶ ሽቅብ ይወጣል። አምስት ሰከንድ ቁጠሩ እስቲ። ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የሃያ ወይም የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ ወጣቶች ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እጃቸው ላይ የነበረው ሙያ ግን በሲቪሉ ዓለም በጣም የሚፈለግ ነበር። በሩ የተከፈተው እንዲህ ነው።

ወደ በርሊን እንመለስ። ያ ጥቁር ዓርብ ካለፈ በኋላ ተነርና ረዳቶቹ ሥርዓቱን ከሥሩ ለወጡት። ቁልል ቀረ። ወደ ከተማዋ ከሚያስገቡት ሦስት የአየር ኮሪደሮች የሰሜኑና የደቡቡ መግቢያ፣ የመሐሉ መውጫ ብቻ ሆነ። አየሩ ብሩህ ቢሆን እንኳ ሁሉም በመሣሪያ በረራ ደንብ ይበራል። ማረፍ ያቃተው አብራሪ ዞሮ አይሞክርም፤ ዱቄቱን እንደጫነ በመሐለኛው ኮሪደር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭካኔ ይመስላል አይደል? ሒሳቡን ግን ተመልከቱ። አውሮፕላኖቹ በሦስት ደቂቃ ልዩነት ይመጣሉ እንበል፤ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሦስት ደቂቃ የሚሄደው 13.5 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ልዙር ካለ ከኋላው ያለው ይደርስበታል፤ እሱ ሲሸሽ ሦስተኛው ይደርሳል፤ ቁልሉ ተመልሶ ተሠራ ማለት ነው። አንድ ጭነት ዱቄት መመለስ ከዚህ ይሻላል።

በ1949 የፋሲካ ሰሞን ይህ ሥርዓት በ24 ሰዓት ውስጥ 1,398 በረራ ወደ በርሊን አስገባ። በቀን ውስጥ ያሉት ደቂቃዎች 1,440 ናቸው። ስሌቱን ለእናንተ ልተወው።

ሁለት ሰማይ

በሰላሙ ጊዜ ግን አንድ ችግር እየተከማቸ ሄደ። ወታደሮቹ የራሳቸው ተቆጣጣሪ፣ ሲቪሎቹም የራሳቸው አላቸው፤ ሰማዩ ግን አንድ ነው። በ1956 ግራንድ ካንየን ላይ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱም ማንም በማይከታተላቸው አየር ክልል ውስጥ ነበሩ። በኤፕሪል 1958 ላስ ቬጋስ አጠገብ የሆነው ደግሞ ለታሪካችን ይበልጥ ይቀርባል። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን በሲቪል ተቆጣጣሪዎች ክትትል መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ከአየር ኃይል ጣቢያ የተነሣ ተዋጊ ጄት ደግሞ ከወታደር ተቆጣጣሪዎች ጋር እየተነጋገረ ልምምድ ላይ ነው፤ ይወርዳል። የአንዱ ተቆጣጣሪ ስለሌላው አውሮፕላን አያውቅም። 49 ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ወታደራዊ ጄት ሜሪላንድ ላይ ሌላ የመንገደኛ አውሮፕላን መታ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ሰማዩን ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር የሚያደርግ ሕግ ተፈረመ፤ ዛሬ ኤፍ.ኤ.ኤ. ተብሎ የሚታወቀው የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ተወለደ። የመጀመሪያው ኃላፊ ማን ሆነ ብትሉ ኤልዉድ ኬሳዳ፣ ጡረታ የወጣ የአየር ኃይል ጄኔራል። ሲቪል መሥሪያ ቤት ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን ወታደር። በማማዎቹም ውስጥ ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በኮሪያና በቬትናም ጦርነቶች ዘመን የሠለጠኑ ወጣቶች ውላቸውን ሲጨርሱ ወደ ኤፍ.ኤ.ኤ. ይጎርፉ ነበር፤ የሲቪል ተቆጣጣሪነት ዋናው ምንጭ የወታደር ቤት ሆነ።

1981

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚከብደው።

የሲቪል ተቆጣጣሪዎቹ በ1968 ፓትኮ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ቅሬታቸው ብዙ ነው፤ ያረጀ መሣሪያ፣ ረጅም ፈረቃ፣ ውጥረት፣ ደመወዝ፤ ከሁሉም በላይ ግን እንደ ወታደር የሚያዛቸው አለቃ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ያስቃል። ምክንያቱም አለቆቹም ታዛዦቹም በብዛት የመጡት ከወታደር ቤት ነው። ዩኒፎርሙን ሲያወልቁ ባለ መብት ሠራተኛ እንደሚሆኑ የጠበቁ ሰዎች፣ ያው የጥንቱ ትእዛዝ ተከትሏቸው መጣ።

ኦገስት 3 ቀን 1981 ጠዋት ወደ 13,000 የሚጠጉ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቆሙ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ አድማ እንዳይመታ ሕግ ይከለክላል፤ ሲቀጠሩም ይህንኑ ምለዋል። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን 48 ሰዓት ሰጡ። በነገራችን ላይ ፓትኮ ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫው የደገፈው እሳቸውን ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ 11,345 ሰዎች ተባረሩ፤ ዳግመኛም በመሥሪያ ቤቱ እንዳይቀጠሩ ታገዱ።

ታዲያ በማግስቱ አውሮፕላኑን ማን አሳረፈው? አድማውን ያልተቀላቀሉት፣ ተቆጣጣሪ የነበሩ አለቆች፣ እና በመቶዎች የሚቆጠሩ የወታደር ተቆጣጣሪዎች። በሩ በዚህ ጊዜ በትእዛዝ ተከፈተ።

ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ማማ የተላከ የሃያ ሁለት ዓመት ሳጅን በዓይነ ልቦናችሁ ሣሉ። በራፉ ላይ ሰልፈኞች ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በፊት እሱ የሠለጠነበት ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ ተምረዋል፤ አንዳንዶቹ ቬትናም ነበሩ። እሱ አድማ ሰባሪ ልሁን ብሎ አልመረጠም። ወታደር ነው፤ ሂድ ተባለ፣ ሄደ። ሰልፈኞቹም ይህንን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ምክንያቱም እነሱም በዚያ ዕድሜያቸው እንዲሁ ይሄዱ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ለእናንተ እተወዋለሁ። ግን የወታደር ሥልጠና «ነፃ ትምህርት» ነው የሚል ሰው ስሰማ ይህ ሳጅን ትዝ ይለኛል። ሙያው የእሱ ነው፤ የት እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ግን፣ ውሉ እስኪያልቅ፣ ሌላ ሰው ነው።

ደግሞ ሥራው ዘሎ የሚገባበት አልነበረም። የሬዲዮ ቋንቋው፣ የአውሮፕላን ርቀት ደንቡ፣ የራዳር አጠቃቀሙ ተመሳሳይ ነው፤ አየር ክልሉ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ተቆጣጣሪ አዲስ ቦታ ሲሄድ የዚያን ሰማይ ካርታ በቃሉ አጥንቶ ባዶ ወረቀት ላይ መሣል አለበት፤ መስመሮቹን፣ ከፍታዎቹን፣ የሬዲዮ ሞገዶቹን ሁሉ። ለዚህ ነው ያን ሰሞን በረራዎች በብዛት የተቀነሱት፤ ሥርዓቱን ወደነበረበት መመለስም ዓመታት የፈጀው። የተባረሩት ላይ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ1993 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ጊዜ ነው። ያኔ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው የነበረው አርባ ሰባት ሞልቶታል። የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው።

(እኛም ዘንድ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው ነበር፤ ያኔም ጥያቄው ያው ነበር፤ እነሱ ከሌሉ ማን ያሳርፍ? መልሱ ግን ሌላ ነው፤ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተጠሩ።)

ዛሬ በሩ ምን ይመስላል

አሜሪካ ውስጥ የምታድጉ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን መንገድ የሚያስብ ወጣት ታውቁ ይሆናል። ስለዚህ አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ምልምሉ መጀመሪያ የችሎታ መለኪያ ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያ የማንኛውም ወታደር መሠረታዊ ሥልጠና ይከተላል። የአየር ኃይሉ ተቆጣጣሪዎች ሚሲሲፒ ውስጥ ኪስለር በሚባል ጦር ሰፈር፣ የባሕር ኃይሉ ፍሎሪዳ ውስጥ ፔንሳኮላ፣ የምድር ጦሩ አላባማ ውስጥ ይማራሉ። ትምህርት ቤት መጨረስ ግን ገና ጅምር ነው። የተመደበበት ማማ ሄዶ፣ አጠገቡ ፈቃድ ያለው ሰው ተቀምጦ እየሰማው፣ አንድ በአንድ እያንዳንዱን የሥራ ቦታ እስኪያልፍ ብቻውን አይናገርም።

ከዚያ በኋላ የዕድሜ ጉዳይ አለ። ኤፍ.ኤ.ኤ. ልምድ የሌለውን ሰው የሚቀጥረው 31 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ በወታደር ቤት ተቆጣጣሪ ሆኖ ለሠራ ሰው ግን በሩ እስከ 35 ድረስ ክፍት ነው። ጡረታው ደግሞ በ56 ግዴታ ነው። በ18 ዓመቱ የተመዘገበ ልጅ የስድስት ዓመት ውሉን ሲጨርስ 24 ነው፤ ጊዜ አለው ማለት ነው። በ29 ዓመቱ የጀመረ ግን ውሉን ሲጨርስ 35 ላይ ይደርሳል። በሩ ሲዘጋበት ሊያይ ይችላል። ዜግነትም አለ፤ ለኤፍ.ኤ.ኤ. የተቆጣጣሪነት ሥራ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ውትድርና መግባት ቢቻልም፣ እና አገልግሎቱ ዜግነቱን ሊያፋጥን ቢችልም፣ ግሪን ካርድ ብቻውን የሲቪሉን ማማ አይከፍትም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለውን ወረቀት ነው። መልማዩ በቃል የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ሌላ ሊሆን ይችላል። የተቆጣጣሪነት ሙያው በስሙ ውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ሠራዊቱ ምልምሉን የፈለገበት ሙያ ላይ ሊመድበው ይችላል። ቢሰፍርም እንኳ ትምህርቱ ከባድ ነው፤ የሚወድቁ አሉ። ከትምህርት ቤቱ የወደቀ ሲቪል ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከኪስለር ወይም ከፔንሳኮላ የወደቀ ወታደር ግን በአብዛኛው ወደ ሌላ ሙያ ይመደባል፤ ወጥ ቤት ሊሆን ይችላል፣ መጋዘን ሊሆን ይችላል፤ የፈረመው ዓመት ግን እዚያው አለ። መጠየቅ ያለበት ከመፈረም በፊት ነው፤ «ይህ ባይሳካልኝስ የት ነው የምትልኩኝ?» ብሎ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጠው።